ከሃሊማ ኋላ በሳጉሬ የገብስ ማሳ

እናቴ ወይዘሮ ብርሃኔ ድሬዳዋ ተቀምጣ ብርድ ትናፍቃለች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ የቤታችንን ቆርቆሮ ስታግለው፣ ቬንትሌተሩን ወደ ራሷ አዙራ፣ «ይሄኔ ሳጉሬ ያካፋል፤ ይሄኔ ሹራብ ተለብሷል» ትላለች። ሳጉሬ ከአሰላ አለፍ ብላ ያለች የአርሲ ደጋ ከተማ ናት። እናቴ ነርስ ሆና መጀመሪያ የተመደበችው እዚያ ነበር። እኔ የተወለድኩት ወደ ተወለደችበት ወደ ድሬዳዋ ተመልሳ ካገባች በኋላ ስለሆነ አገሩን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ ገብሱና ስለ ጭቃው እየሰማሁ ስላደግሁ፣ ያልኖርኩበት ቦታ ይናፍቀኝ ነበር። ይህን ስናገር ሰዎች ይስቁብኛል።

ከሳጉሬ ሁሉ አብልጣ የምትናፍቀው ግን ሃሊማን ነው። ሃሊማ የሳጉሬ ተወላጅ ናት፤ ለእናቴ መጀመሪያ አከራይዋ ነበረች፣ ውላ አድራ እህቷ ሆነች። እናቴ ለአረፋ ትደውላለች፣ ሃሊማ ለገና ትደውላለች፤ መሃል ላይም ምክንያት አይጠፋም። ከተለያዩ በኋላ ግን ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም። እናቴ ልቧን ስለሚያማት ሐኪሙ ደጋ እንዳትወጣ ከልክሏታል። ሃሊማ ደግሞ መኪና አይስማማትም፤ አሰላ ደርሳ ስትመለስ እንኳ ታማ ትተኛለች። በስልክ ቪዲዮ እናገናኛችሁ ብለን ስንት ጊዜ ሞክረናል። እዚያ ማዶ ስልኩ ይነሳና ጣሪያ ብቻ ይታያል። ኔትወርኩ ነው ስንል ኖርን።

በክረምቱ መጨረሻ እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ወጣች። ቤት ከገባች በኋላ ጠራችኝና፣ «ሰላም፣ የሰው ሰርግ ስትቀርጪ ነው የምትኖሪው። እስቲ ለእኔም አንድ ጊዜ ቅረጪልኝ። ሂጂና ሃሊማን አምጪልኝ፤ ፊቷን ሳላይ እንዳልሄድ» አለችኝ።

«የት ነው የምትሄጂው?» ብዬ ተቆጣሁ። እኔ ስፈራ ቁጣ ይቀድመኛል። በዚያው ቀን ግን ዕቃ ማዘጋጀት ጀመርኩ።

እሑድ፣ ድሬዳዋ

ሥራዬ ቪዲዮ መቅረጽ ነው። እኛ ከተማ በሴቶች ድግስ ላይ ወንድ ቀራጭ ስለማይገባ እኔን የመሰሉ ሴቶች ሥራ አናጣም። ሠላሳ ሙሽራ ከመኳል ለአንድ ጉዞ ካሜራ መምረጥ ይከብዳል። ትልቁ ካሜራዬ ጨለማ አይፈራም፤ ምስሉ ቅቤ ነው፤ ክብደቱ ግን ትከሻ ይቆርጣል። ትንሿ አሮጌ ናት። መብራት ሲያንስ ምስሏ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ግን ቀላል ናት፣ ያሏትን ትሰማለች። ጊምባል የምንለው፣ ስንራመድ ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዝ ክንድም አለ። አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ ድሮኗን ላውስሽ አለችኝ፤ ደጋውን ከላይ አንሺው ብላ። «እናቴ ሳጉሬ የኖረችው ወፍ ሆና አይደለም» አልኳት።

ሁሉንም አልጋ ላይ ዘርግቼ ሳነሳና ስጥል እናቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። «ሰው ልታዪ ነው የምትሄጂው ወይስ ዕቃ ልትሸጪ?» አለች። ሁለቱንም ካሜራ፣ ጊምባሉን፣ ማይኩን ከተትኩ። የማይኩን የንፋስ መከላከያ ጠጉር ጠረጴዛው ላይ ረስቼው እንደሄድኩ የገባኝ አዋሽ ከተሻገርን በኋላ ነው።

ሰኞ፣ መንገድ

ከድሬዳዋ የተነሳነው ጎህ ሳይቀድ ነው። የአውቶቡሱ ረዳት ቦርሳዬን ጣሪያ ላይ ሊወረውር ሲል እጁን ያዝኩት። «እህቴ፣ እንቁላል ነው እንዴ?» አለኝ። «አዎ፣ እንቁላል ነው» አልኩትና ጭኔ ላይ አድርጌው ተቀመጥኩ። እስከ አዳማ ድረስ እግሬ ደንዝዞ ተጓዝኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አዘኑልኝና ቦርሳውን ከፊሉን በራሳቸው ጭን ላይ ተቀበሉኝ። ጭሮ ላይ ስንወጣ ንፋሱ ቀዘቀዘና የእናቴን ፊት አሰብኩ። አዋሽ ላይ ስንወርድ ደግሞ ወደ ቤቴ የተመለስኩ መሰለኝ፤ ያው የኛ ግለት፣ ያው የኛ ነጭ ብርሃን።

አዳማ ያደርኩበት ፔንሲዮን ንጹሕ ነበር፤ ፍራሹ ግን መሃሉ ገብቷል። ከራት በፊት ካሜራውን ልፈትሽ ብዬ አምፖሉ ሥር ስከፍተው ምስሉ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ይወርዳል። ተሰብሯል ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ለጉዞው ብዬ የካሜራውን ቅንብር በሙሉ አጥፍቼ ወደ መጀመሪያው መልሼው ነበር፤ መጀመሪያው ደግሞ የአሜሪካ ነው፤ በሴኮንድ ሠላሳ ምስል። የኛ አገር መብራት ከዚያ ጋር አይስማማም። ወደ ሃያ አምስት መለስኩትና መስመሩ ጠፋ። ፔንሲዮኑን የምትጠብቀው ልጅ ለብቻዬ ስስቅ ሰምታ በሩን አንኳኳች፤ ደህና ነሽ ወይ ብላ ሻይ አመጣችልኝ።

ማክሰኞ፣ አሰላ

ከአዳማ ወደ አሰላ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱ ሽቅብ ነው። ኢተያ አካባቢ ወደ ሁሩታ የሚሄዱ ሰዎች ወርደው ጆንያቸውን እስኪያወርዱ ቆምን። እኔ በመስኮት የማየው ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ በመሃሉ ቢጫ አበባ። እኛ ዘንድ አረንጓዴ ማለት በደረቁ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ዳር የቆመ አንድ ዛፍ ነው፤ ሰው ሁሉ ሥሩ ይሰበሰባል። እዚህ ዛፉን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አለቀስኩ። እናቴ ይህን ትታ እኛን ለማሳደግ በሙቀት መኖሯ ታሰበኝ። ጎኔ ያለው መምህር ነኝ ያለኝ ሰው፣ «ሰው ሞቶብሽ ነው?» አለኝ። «የለም፣ ገብስ አይቼ ነው» ስለው ቦታ ሊቀይር ትንሽ ቀረው።

አሰላ ስንገባ ዝናብ። ባጃጁና የፈረስ ጋሪው በአንድ አስፋልት ይጋፋሉ፤ ጋሪ ነጂው ባጃጁን ይሳደባል፣ ባጃጁ ይስቃል። ድሬዳዋ ባጃጅ ሞልቶናል፤ ፈረስ ግን ከባጃጅ ጋር ሲጣላ አላየሁም ነበርና ለመቅረጽ ወረድኩ። ካሜራውን ጠዋት በአዳማ ፀሐይ ያስተካከልኩት ስለሆነ በዚያ ደመና ሥር የሰው ሁሉ ፊት ሰማያዊ፣ ከውሃ የወጣ መስሎ ታየ። የቀለሙን ቅንብር ደመና ላይ አደረግሁት። እንዲህ ሲሆን ደግሞ ማሳው ከሚገባው በላይ ቢጫ ሆነ። ለእናቴ ይህን ባሳያት ታጭዷል ወይ ትለኛለች። አንድ ነጭ ወረቀት ገዝቼ፣ በእጄ እያዞርኩ፣ ነጩ ነጭ እስኪሆን ድረስ አስተካከልኩት።

ብርዱን ስሸሽ ምግብ ቤት ገባሁ፤ ሌንሱ ወዲያው ጉም ለበሰ። እኛ ዘንድ የሚሆነው የተገላቢጦሹ ነው፤ ኤሲ ካለበት አዳራሽ ወደ ውጭ ስንወጣ ነው ሌንሱን የሚያልበው። የምግብ ቤቷ ባለቤት ጨጨብሳ አቀረበችልኝና፣ ሌንሱን በቀሚሴ ልጠርግ ስል ከለከለችኝ። «ተይው፣ ሙቀቱን ይልመደው። ልጅም ከውጭ ሲገባ እንዲሁ ነው፤ ንፍጡን ቶሎ ከጠረግሽው ይብሳል።» እስኪለምድ ድረስ ቅቤ የጠጣውን ጨጨብሳ በላሁ። የጭላሎ ተራራ በዚያ በኩል ነው አሉኝ፤ ደመናውን ብቻ አየሁ።

ረቡዕ፣ ሳጉሬ

በማግስቱ በሚኒባስ ሳጉሬ ገባሁ። የሃሊማ ልጅ ጀማል መኪና ማቆሚያው ጋ ጠበቀኝ። የእህል ነጋዴ ነው፤ ጃኬቱ ላይ ዱቄት አለ፣ ሳቁ ከሩቅ ይሰማል። ቦርሳዬን ተቀብሎኝ እየሄድን፣ «እህቴ፣ አስቀድሜ ልንገርሽ» አለኝ። «እናቴ መቀረጽ አትወድም። በስልክ ስትደውሉ ጣሪያ የምታዩት ኔትወርክ አይደለም። ስልኩን ገና ስከፍተው ትገለብጠዋለች።»

በመንገድ መሃል ቆምኩ። «ታዲያ ድሬዳዋ እያለሁ አትነግረኝም ነበር?»

«ብነግርሽ አትመጪማ» አለ ጀማል። «እሷ ደግሞ አንቺን ማየት ፈልጋለች።»

አዴ ሃሊማ (አዴ ማለት እዚያ እንደ ወይዘሮ ነው) በር ላይ ቆመው ነበር። ረጅም ናቸው፤ ሻሻቸውን አፋቸው ድረስ ስበውታል። ሳላጎነብስ አንገቴን ያዙኝና ግራና ቀኝ፣ ደግመው ግራና ቀኝ ሳሙኝ። በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው፤ ሳቁብኝ።

«ይሄ የሐረርጌ ኦሮምኛ ነው። ብርሃኔም ስትመጣ እንዲሁ ነበረች፤ ስትናገር የምትጣላ ነው የሚመስለው። ግቢ፣ ኮቱ፣ ነይ፣ ብርድ ነው።»

ቤታቸው እናቴ እንደነገረችኝ ነው፤ በሩ ዝቅ ያለ፣ ደጃፉ ላይ ማሳው የሚጀምር። እሳት አጠገብ አስቀመጡኝና ጭኮ አቀረቡልኝ። የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በቅቤ የታሸ ነው፤ ትንሽ ይመስላል፣ ሆድ ውስጥ ገብቶ ግን ቀኑን ሙሉ አይነቃነቅም። እናቴ ድሬዳዋ ልትሠራው ሞክራ ቅቤው በሙቀት ቀልጦ ሾርባ ሆኖባት ነበር። ይህን ስነግራቸው አዴ ሃሊማ እንባቸው እስኪወጣ ሳቁ፤ ሲስቁ ግን ሻሻቸውን በእጃቸው አፋቸው ላይ ይጫኑታል።

ስለ ልቧ ጠየቁኝ። ስለ መድኃኒቷ፣ ስለ እንቅልፏ። ስልኬን አውጥቼ፣ «ፎቶዋን ላሳይዎት» ስል እጄን ያዙት።

«አታሳዪኝ።»

«ለምን?»

«እኔ የማውቃት ብርሃኔ አለች። ቀጭን፣ ጸጉሯን ወደ ላይ የምትይዝ። አሁን ሌላ ታሳዪኝና ያቺን ትወስጂብኛለሽ። እኔም እንደዚያው ነኝ፣ ልጄ። ጥርሴ ረግፏል። እሷ የምታውቃት ሃሊማ ጥርስ አላት። ቤቱን ቅረጪ፣ ማሳውን ቅረጪ፣ በጎቹን ቅረጪ። ፊቴን ግን ስለ አላህ ተይልኝ።»

በድሬዳዋ የሴቶች ድግስ ምን ያህል ሴቶች እንደሚያምኑኝ ነገርኳቸው፤ ቀርጬ ስጨርስ ሜሞሪውን ለሙሽራዋ እናት አስረክቤ እንደምወጣ፣ ለእኔ ኮፒ እንደማይቀር፣ የእሳቸውንም ከእናቴ በቀር ሰው እንደማያየው። «አምንሻለሁ» አሉ። «ያላመንኩት ፊቴን ነው።» በልቤ ተቆጣሁ። እናቴ ታማ፣ ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ፣ በጥርስ ምክንያት! ግን እሳቸው ወዲያው የራሳቸውን ብርድ ልብስ አምጥተው ትከሻዬ ላይ ሲደርቡልኝ ቁጣዬን የማሳርፍበት አጣሁ።

ሐሙስ፣ ሳጉሬ

ጠዋት ፀሐይ ወጣች። እኔም ፊት ከተከለከልኩ ማሳው ይበቃል ብዬ፣ የማውቀውን ጥበብ ሁሉ አወጣሁ። ትልቁን ካሜራ ጊምባሉ ላይ ሰካሁ። ገብሱ ገና እሸት ነው፤ ንፋስ ሲመታው እንደ ውሃ ይሄዳል። ስሎው ሞሽን አደረግሁት፤ ንፋሱ እንዲዘገይ። የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ አንዷ የገብስ ዛላ ጥርት ብላ ሌላው ሁሉ እንዲደበዝዝ። ሰርግ ላይ እንዲህ ነው የምንሠራው፤ ሙሽራዋ ትታያለች፣ ከኋላዋ የሚበሉት ዘመዶች ይደበዝዛሉ። ግማሽ ቀን ሠራሁ። በጎቹን አንሥቼ፣ የጀማልን የእህል ሚዛን አንሥቼ፣ እሳት ዳር የተደረደሩትን ማሰሮዎች ሳይቀር አነሣሁ። እውነቱን ለመናገር ቆንጆ ነበር።

ከምሳ በኋላ በካሜራው ትንሽ ስክሪን ለአዴ ሃሊማ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ።

«ይሄ የት አገር ነው?» አሉ።

«ሳጉሬ ነዋ! የእርስዎ ማሳ!»

«ሳጉሬ የታለች? አንድ ዛላ ነው የማየው፤ ሌላው ጭጋግ ነው። የጎረቤቶቼ የነሐጂ ቤት የለ፣ መንገዱ የለ።» ትንሽ አይተው ደግሞ፣ «ንፋሱን ምን ነካው? ታሟል?»

«ሆን ብዬ አዘግይቼው ነው።»

«ድምፁስ?»

ያን ጊዜ ደነገጥኩ። የእኔ ካሜራ ስሎው ሞሽን ሲቀርጽ ድምፅ አይዝም። ሰርግ ላይ ቸግሮን አያውቅም፤ ከላይ ዘፈን እንጭንበታለን፣ አለቀ። የገብሱ ሹክሹክታ፣ የበጎቹ ጩኸት፣ የጀማል ሳቅ፣ አንዱም የለም። እናቴ ናፍቆቷን የምታሳርፍበት አንድ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ግማሽ ቀን ሙሉ ለእናቴ የማላውቃትን ሴት ሰርግ ስቀርጽላት ውያለሁ።

ማይኬን አውጥቼ ብሞክረው ንፋሱ እየተጋጨበት ጆሮ ይበጥሳል። የንፋስ መከላከያው ድሬዳዋ ቀርቷል። ተበሳጭቼ ገመዱን ወረወርኩት። አዴ ሃሊማ ከቁም ሳጥን ሥር አንድ የበግ አጎዛ ጎተቱ፤ ከጫፉ ቆርጠው፣ ጠጉሩን ወደ ውጭ አድርገው ማይኩን አለበሱት፣ በክር አሰሩት። ሞከርኩት። ነፋሱ ሩቅ ሄደ፤ ገብሱ ቀረበ። ጀማል ማይኩን አይቶ፣ «ይቺ ደግሞ የማን ጠቦት ናት?» እያለ እስከ ራት ድረስ አስቸገረን።

ራት ላይ አዴ ሃሊማ እሳቱ ዳር ተቀመጡ። ገንፎውን ሲያማስሉ ቆይተው፣ «እንደ ዛሬው ከሆነ ብርሃኔ ምንም አታይም» አሉ።

ዓርብ፣ የጤና ጣቢያው መንገድ

ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ስነሳ አዴ ሃሊማ ቦቲ ጫማቸውን አድርገው ደጅ ቆመዋል።

«ከኋላዬ ከመጣሽ እሄድልሻለሁ» አሉኝ። «ብርሃኔ ከፊቴ ይልቅ ጀርባዬን ነው የምታውቀው። ጤና ጣቢያው ያኔ ከማሳው ማዶ ነበር። አገሩን አታውቅም፤ ጭቃ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ የመጀመሪያ ቀን ጫማዋ ተውጦ በባዶ እግሯ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እኔ ከፊት እሄዳለሁ፣ እሷ እኔ የረገጥኩበትን እየረገጠች ትከተለኛለች። ክረምት በመጣ ቁጥር እንዲያ ነበርን። ጀርባዬን ካየችው ታውቀዋለች።»

እናቴ ይህን ነግራኝ አታውቅም። ስለ ጭቃው ስትነግረኝ ያለ መሪ ያቋረጠችው ነበር የሚመስለኝ።

ያን ጠዋት የመረጥኩትን ልንገራችሁ፤ ለሙያ ጓደኞቼ ሳይሆን ለእናቴ ብዬ ስለመረጥኩት ነው። ትልቁን ካሜራ አልጋው ላይ ተውኩት። ጊምባሉንም ተውኩት፤ እሱ ሰውን ያንሳፍፋል፣ እኔ ደግሞ እርምጃው እንዲሰማ ፈለግሁ። ትንሿን ካሜራ በሰፊ ሌንስ ደረቴ ላይ ያዝኳት፤ ሰው ተከትሎ ሲሄድ የሚያየውን ያህል እንድታይ። በሴኮንድ ሃያ አምስት ምስል፣ ዘዴ የለ፣ መዘግየት የለ፤ ሰው እንደሚሄደው። የሌንሱን ቀዳዳ ጠበብ አደረግሁት፤ ከአዴ ሃሊማ ትከሻ እስከ ጭላሎ ግርጌ ሁሉም ጥርት እንዲል። ካሜራዋ በራሷ ጊዜ የሰው ፊት እየፈለገች ትኩረቷን ታስተካክላለች፤ የሚገኝ ፊት ስለሌለ ከዛላ ወደ ዛላ እየዘለለች እንዳታስቸግር ያንን አጠፋሁት፣ ርቀቱን በእጄ ለክቼ አሰርኩት። ማይኩ አጎዛውን እንደለበሰ ነው።

ጉዞ ጀመርን። መጀመሪያ ላይ አዴ ሃሊማ ትከሻቸውን አደርቀው፣ እንደ ሰልፈኛ ነበር የሚሄዱት። «ምን ላውራ?» አሉ ሳይዞሩ። «ያኔ የሚያወሩትን» አልኳቸው። ጥቂት እርምጃ ሄደው፣ «እዚህ ጋ የዝግባ ዛፍ ነበር፣ ተቆረጠ» አሉ። ከዚያ የነሐጂን ቤት፣ የአሮጌውን ወፍጮ፣ ላማቸው ወልዳ እናቴ ሥራ ያረፈደችበትን ቀን እያነሡ ትከሻቸው ላላ። እርምጃቸው ሰፋ። እኔ ጫማዬ እየከበደ፣ እሳቸው የረገጡበትን እየረገጥኩ እከተላለሁ። ገብሱ በሁለቱም በኩል እስከ ወገብ ነው፤ ጤዛው ልብሴን አራሰው። እውነት ለመናገር በዚያ ሰዓት ካሜራ መያዜን ረስቼ ነበር። እናቴን ሆኜ ነበር የምሄደው፤ ልጅ፣ ጤነኛ፣ ገና ማንንም ያልወለደች። እንዲህ ሆና አይቻት ባውቅ ብዬ ተመኘሁ።

ከቦዩ አጠገብ መንገዱ ወደ ታች ይወርዳል። አዴ ሃሊማ በቀኝ በኩል ተሻገሩና፣ እኔ ወደ ግራ ልረግጥ ስል ዘወር ብለው ጮኹ።

«ብርሃኔ! ጭቃ ነው! በቀኝ፣ በቀኝ እለፊ!»

ሁለታችንም ቆምን። ሻሻቸው ወደ ኋላ ወርዷል፤ አፋቸው ክፍት ነው፤ እጃቸው ወደ ቀኝ ተዘርግቷል። እኔን እያዩ ቆዩና ሻሻቸውን በቀስታ ወደ አፋቸው መለሱት።

ካሜራውን ዘጋሁ። «አዴ፣ ፊትዎ ገብቷል» አልኳቸው። «አሁኑኑ ላጥፋው። በፊትዎ አጠፋዋለሁ።»

«አሳዪኝ።»

ማሳው መሃል ቆመን አሳየኋቸው። ፀሐዩን በእጃቸው ከልለው አዩት። ፊቱ ሲዞር ሲያዩ ራሳቸውን አላወቁም መሰለኝ፤ ስሟን ሲሰሙ ግን እጃቸው ወረደ። አጥፊው እንዲሉኝ ጠበቅሁ። አጥፊው ቢሉኝ ያለ አንድ ቃል አጠፋው ነበር፤ እናቴም ባየችው ጀርባ ትኖር ነበር።

«ተይው» አሉ በመጨረሻ። «የዞርኩት ላንቺ አይደለም።»

ከዚያ ጤና ጣቢያው ድረስ ሄድን፤ ዛሬ የማዳበሪያ መጋዘን ሆኗል። ስንመለስ እሳቸው ለዓርብ ሶላት ሊታጠቡ ገቡ፣ እኔ ማሳው ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ መመለስ

ጀማል መኪና ማቆሚያው ድረስ ሸኘኝ። አዴ ሃሊማ አጥሩ ጋ ቀሩ፤ መኪና የቆመበትን ማየት እንኳ ያዞረኛል አሉ። አንድ የእንጨት ገበቴ ሙሉ ጭኮ፣ አንድ ጠርሙስ ቅቤ፣ እኔ የለበስኩትን ብርድ ልብስ ሳይቀር ጫኑብኝ። «ድሬዳዋ ብርድ ልብስ ምን ይሠራልኛል?» ስላቸው፣ «ለብርሃኔ ነው፤ ብርድ ትናፍቅ የለ?» አሉ። የእናቴን ፎቶ ነገር እንደገና አላነሳሁባቸውም። እሳቸው ግን ስስማቸው ጆሮዬ ጋ፣ «ፎቶዋን ለጀማል ላኪለት። ልቤ ሲችል እጠይቀዋለሁ» አሉኝ።

ሚኒባሱ ተነስቶ በማሳው ዳር ሲያልፍ በኋላ መስኮት አየሁ። አዴ ሃሊማ ማሳው እስኪያልቅ ድረስ አጥሩ ጋ ቆመው ነበር። ወደ አሰላ የሚወርደው መንገድ ሳይጀመር ያ አገር ይናፍቀኝ ጀመር፤ አሁን ደግሞ የማውቀው ናፍቆት ነው፣ ከድሮው ይከብዳል። አዳማ አደርኩ፤ በማግስቱ ድሬዳዋ ገባሁ። ከአውቶቡስ ስወርድ ግለቱ ፊቴን በጥፊ መታኝ።

እሑድ፣ ቤት

እናቴን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጥኳት። ቬንትሌተሩን አጠፋች፤ ድምፁ ይሸፍንብኛል ብላ። ባዶ እግሯን ሲሚንቶው ላይ አሳርፋ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ እንግዳ ተቀመጠች። ዘፈን አልጫንኩበትም፣ አልቆረጥኩትም። እንዳለ ከፈትኩት።

የአዴ ሃሊማ ጀርባ ታየ። እናቴ ወዲያው፣ «ቀኝ ትከሻዋ አሁንም ዝቅ ይላል» አለች። «ውሃ በዚያ በኩል ስለምትሸከም ነው።» ዝግባው ተቆርጧል ሲባል፣ «ተቆረጠ?» ብላ ጠየቀች፣ ስክሪኑን ነው የጠየቀችው። ላሟ ጋ ሲደርስ ሳቀች። የነሐጂ ቤት ጋ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። ከዚያ፣ «ፊቷስ? ፊቷን አላመጣሽልኝም?» አለችኝ ዓይኗን ሳትነቅል። ከኋላዋ ቆሜ ስለነበር ፊቴን አላየችውም።

ቦዩ ደረሰ። ገብሱ ይንሿሿል፤ የቦቲው ጫማ ጭቃውን ሲለቅ ድምፁ ይሰማል። አዴ ሃሊማ ዘወር አሉ፤ ሻሻቸው ወርዶ፣ ጥርስ በሌለው አፋቸው ስሟን ጠርተው በቀኝ እለፊ አሏት።

እናቴ ቀኝ እግሯን ከሲሚንቶው አነሳች፤ ወደ ቀኝ አሳረፈችው፤ ግራውንም አስከተለች።

«አየሁት፣ አየሁት» አለቻት። «አንቺ ሂጂ፤ ከኋላሽ ነኝ።»